ድሬዳዋ ላይ የቤዝቦል ሜዳ በሲባጎና በኖራ እንዴት ይቀየሳል

ሥራዬ ቅየሳ ነው። 22 ዓመት ድሬዳዋና ዙሪያዋ ላይ ችካል ስተክል ኖሬያለሁ። የቤት መሠረት፣ የመንገድ ጠርዝ፣ የትምህርት ቤት አጥር።

ቤዝቦል በአካል ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ዴንቨር እህቴ ጋ የሄድኩ ጊዜ ኩርስ ፊልድ ወሰዱኝ። እነሱ ጨዋታውን ያያሉ፣ እኔ ስታዲየሙን አያለሁ። ላይኛው ፎቅ ላይ ወንበሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ አንድ ረድፍ ብቻ ሐምራዊ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ያ ረድፍ ከባሕር ጠለል በላይ ልክ አንድ ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ላይ ነው አሉኝ። ከፍታን በወንበር ቀለም መጻፍ! ያን ቀን ልቤ እዚያ ቀረ።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ አምስት ጓንት፣ ሁለት ዱላና አንድ ባልዲ ሙሉ ኳስ ይዞ ድሬ መጣ። "አክስቴ፣ ሜዳ ትሠሪልኛለሽ?" አለኝ። የሰፈሩ ልጆችም ተከትለውት መጡ። ሳቢያን ዳር ባለ ባዶ ቦታ ላይ ሠራንላቸው። እንዴት እንደሠራን እንደ አመጣጡ እነግራችኋለሁ። እናንተም በየሰፈራችሁ ትችላላችሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፣ መቺው ሆም ፕሌት ጋ ቆሞ በዱላ ይመታል፣ ከኋላው ቀላቢው ይቀልባል። የመታው በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ በኩል ሮጦ ወደ ሆም ይመለሳል፤ አራቱ የካሬ ማዕዘኖች ናቸው። በመጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። የቤዝቦል ሜዳ ሁለት ጠባይ አለው። ውስጡ በሴንቲሜትር የተቆረጠ ነው። ቦስተንም ይሁን ቶኪዮ ከቤዝ እስከ ቤዝ ያው ነው። ውጪው ግን የቦታው ነው። አጥሩ የት ይቆማል፣ ምን ያህል ይረዝማል፣ ምን ዓይነት ቅርጽ ይኖረዋል የሚለውን መንገዱ፣ ጎረቤቱና ፀሐዩ ይወስናሉ። ለዚህ ነው ሁለት አንድ ዓይነት ስታዲየም የማታገኙት። ስትቀይሱ ከውስጥ ጀምሩ፣ ውስጡን አታጓድሉ፤ ውጪው ላይ ደግሞ ሰፈራችሁን ስሙት።

ቦታ ስትመርጡ ለትልልቅ ሰዎች ሙሉ ልኩን ከፈለጋችሁ 125 በ125 ሜትር ገደማ ያስፈልጋችኋል። የእግር ኳስ ሜዳ አይበቃም። ረጅሙ ጎኑ 105 ሜትር ቢሆንም አጭሩ 68 ነው። በግድ ልክተተው ብትሉ አንዱ ጎን ላይ ኳሱ ሁሌ አጥር ይሻገራል። ለልጆች ግን የእግር ኳስ ሜዳ አንድ ጥግ ይበቃል። ከ12 ዓመት በታች ለሆኑት በቤዝና በቤዝ መካከል ያለው 18.29 ሜትር ነው፣ ወርዋሪው 14.02 ሜትር ላይ ይቆማል፣ አጥሩም 61 ሜትር ላይ ይበቃል። እኛ ሙሉውን ነው የቀየስነው፣ የልጆቹን ደግሞ በላዩ ላይ በሌላ ችካል ምልክት አደረግን።

ልጆቹ መጀመሪያ የፈለጉት ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ነበር። ደረቅ ጊዜ ላይ አሸዋው ሰፊ ነው፣ ባለቤት የለውም፣ ኳስ ይጫወቱበታል። እኔ እምቢ አልኩ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ የዘነበው ውኃ ይመጣል። ወንዝ ሜዳ ውስጥ ችካል አይተከልም። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

አሁን ወደ አቅጣጫው። የቤዝቦል ደንብ ራሱ ከሆም ፕሌት በወርዋሪው በኩል ወደ ሁለተኛ ቤዝ የሚሄደው መስመር ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ቢያይ ይመረጣል ይላል። ስልካችሁ ላይ ኮምፓስ ክፈቱና 67 ዲግሪ ገደማ ፈልጉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትወርድ መቺው ጀርባውን ይሰጣታል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ኳስ ፊቱ ላይ ፀሐይ እያበራበት የሚጠብቅ ሰው ጭንቅላቱን አደጋ ላይ ጥሏል።

ድሬ ላይ ይህ አቅጣጫ የበለጠ ያምራል። ማታ ኮረብታው ላይ ቆሜ ዓመቱን ሙሉ የፀሐይዋን መጥለቂያ ስለማይ አውቀዋለሁ። በታኅሣሥ በትክክል ከመቺው ጀርባ ትጠልቃለች። በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ትሄድና ከሦስተኛው ቤዝ ጎን ከተቀመጠው ተመልካች ጀርባ ትገባለች። ስለዚህ ጥላ ፎቃችሁን ከሆም ፕሌት ኋላና በሦስተኛው ቤዝ በኩል ሥሩ። ጥላው መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። በአንደኛው ቤዝ በኩል ያለው ተመልካች ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። እኛ አገር ደግሞ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትሄደው። እዚያ ጣሪያ ካደረጋችሁ ወደፊት ረዘም አድርጉት። ያለዚያ ጣሪያ እያለ ሰው በጋዜጣ ይከለላል። በቀኝ ውጪ ሜዳ የሚቆመው ልጅ ደግሞ ማታ ማታ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ያያታል። ለእሱ ኮፍያ ግዙለት።

ዕቃው ብዙ አይደለም። 50 ሜትር የብረት ሜትር፣ ሲባጎ፣ 15 ችካል፣ መዶሻ፣ ሁለት ቁራጭ ፌሮ፣ ግማሽ ኩንታል ኖራ፣ ለውኃ ልክ የሚሆን ግልጽ ቀጭን ጎማ። ሜትሩን ፀሐይ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ብረት ነው፣ በድሬ ቀትር ይለጠጣል፤ በረጅሙ ልክ ላይ ወደ 1 ሴንቲሜትር ያሳስታችኋል። እኔ ቅየሳ የምጀምረው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው፣ 3 ሰዓት ላይ አቆማለሁ። በሲባጎ ደግሞ ርቀት አትለኩ። ናይለን ሲባጎ ሲስቡት ይረዝማል። እሱ መስመር ለማሳየት ብቻ ነው።

ሁሉም ነገር የሚለካው ከሆም ፕሌት ጫፍ ነው። ሆም ፕሌት አምስት ጎን ያለው ነጭ ጎማ ነው። ወደ ወርዋሪው የሚያየው ጎን 43.2 ሴንቲሜትር ነው። ሁለቱ ትይዩ ጎኖች 21.6፣ ወደ ኋላ ተገናኝተው ጫፍ የሚሠሩት ሁለቱ ደግሞ 30.5 ናቸው። እኛ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠን ነጭ ቀባነው። ጫፉ ወደ ቀላቢው፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ነው። በዚያ ጫፍ ሥር የመጀመሪያውን ችካል ምቱ።

ከዚያ በኮምፓሱ አቅጣጫ 38.79 ሜትር ሂዱና ሁለተኛውን ችካል ትከሉ። ሁለተኛ ቤዝ እሱ ነው። አንድ ልጅ ሜትሩን ሆም ላይ ይያዝ፣ 27.43 ላይ ኖራ እየበተናችሁ በቀኝ በኩል ትንሽ ቅስት ሥሩ። ከሁለተኛ ቤዝም እንዲሁ 27.43 ለክታችሁ ሌላ ቅስት። ሁለቱ የተቋረጡበት አንደኛ ቤዝ ነው። በግራ ደግማችሁ ስትሠሩት ሦስተኛው ይወጣል። ግንበኛ ሦስት አራት አምስት ብሎ ስኳድራ እንደሚያወጣው ዓይነት ነው፤ ማዕዘኑን ዓይን ሳይሆን ርቀቱ ያወጣዋል። ሲያልቅ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለኩ። እሱም 38.79 መሆን አለበት። የእኛ መጀመሪያ 38.85 መጣ። ልጆቹ "እትዬ፣ ስድስት ሴንቲ ምን ያደርጋል፣ አቦ!" አሉኝ። ሁለት ችካል ነቅለን ደገምነው። ሯጭና ኳስ ቤዙ ላይ እኩል ሲደርሱ የሚፈርደው ያቺ ጣት ናት።

አንድ ነገር አስተውሉ። ከሆም በአንደኛና በሦስተኛ ቤዝ በኩል እስከ አጥሩ የሚሄዱት ሁለት መስመሮች የሜዳው ወሰን ናቸው፣ የፋውል መስመር ይባላሉ። አንደኛና ሦስተኛ ቤዝ ሙሉ በሙሉ ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ግን መሐሉ ችካሉ ላይ ያርፋል። ቤዙ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በትልቁ ሊግ፣ ማለትም በአሜሪካ ከፍተኛው ውድድር፣ 45.7 ሴንቲሜትር በ45.7 ሆኗል፣ በፊት 38.1 ነበር። ሯጭና ጠባቂ እንዳይረጋገጡ ነው ያሰፉት። ለልጆቻችሁም ትልቁን ሥሩላቸው። አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ሰፍታችሁ በኖራ ብትቀቡት ይሆናል።

ወርዋሪው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መሐል የቆመ ይመስላል፤ መሐል ግን አይደለም። ከሆም እስከ ሁለተኛ ቤዝ ያለው ግማሽ 19.40 ሜትር ገደማ ነው። ወርዋሪው የሚረግጠው ጎማ የፊት ጠርዝ ከሆም ጫፍ 18.44 ላይ ነው፣ አንድ ሜትር ያህል ወደ መቺው ይቀርባል። ጎማው 61 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 15.2 ስፋት አለው። እሱ የሚቀመጥበት ጉብታ ክብ ነው፣ ዲያሜትሩ 5.49 ሜትር። የክቡ መሐል ጎማው ጋ አይደለም፤ ከሆም ጫፍ 17.98 ሜትር ላይ ነው።

ጉብታው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከሥራው ሁሉ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ጎማው ከሆም ፕሌት 25.4 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከፍታው ከአካባቢው መሬት ሳይሆን ከሆም ፕሌት ነው የሚለካው። መሬታችሁ ዘንበል ካለ ልዩነቱ ብዙ ነው። ግልጹን ጎማ ውኃ ሙሉት፣ አንዱን ጫፍ ሆም ላይ፣ ሌላውን ጉብታው ላይ ያዙ፤ ውኃው እውነቱን ይነግራችኋል። ከጎማው ፊት 15 ሴንቲሜትር ያህል ለጥ ያለ ቦታ ትታችሁ በየ30 ሴንቲሜትሩ 2.5 እየቀነሳችሁ ወደ መቺው አውርዱት።

ይህ ቁጥር ታሪክ አለው። እስከ 1968 ድረስ ጉብታው እስከ 38 ሴንቲሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ዓመት ወርዋሪዎች መቺዎችን ጸጥ አሰኟቸው። የሴንት ሉዊሱ ቦብ ጊብሰን በዘጠኝ ዙር በአማካይ 1.12 ነጥብ ብቻ ነው የሰጠው። በ1969 ጉብታውን ወደ 25.4 አወረዱት። 13 ሴንቲሜትር አፈር የአንድ አገር ጨዋታ ቀየረ። እኔ ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሌ እናገራለሁ።

አፈሩ ግን የኛ ችግር ነው። የድሬ አፈር አሸዋ ይበዛዋል። ክምር አድርጋችሁ ትተዉታላችሁ፣ ነፋስ በሳምንት ያወርደዋል። ጥቁሩ ዋልካ ደግሞ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እኛ ውኃ የሚይዝ ቀይ አፈር አምጥተን ከአሸዋው ጋር ቀላቀልን። በ5 ሴንቲሜትር በ5 ሴንቲሜትር እየደረብን፣ እያንዳንዱን እያራስን ደቀደቅነው። አንድ ጊዜ በችኮላ 20 ሴንቲሜትር አንድ ላይ ደፍተን ነበር። በማግሥቱ የወርዋሪው እግር የሚያርፍበት ቦታ ጉድጓድ ሆነ። በቀጭን በቀጭን ድረቡ።

የውስጥ ሜዳውን ቅስት ለማውጣት ሜትሩን ከወርዋሪው ጎማ መሐል ይዛችሁ 28.96 ሜትር አዙሩ። በዚያ ውስጥ ያለው አፈር ነው፣ ከዚያ ውጪ ሣር። ሣር ከሌላችሁ አትጨነቁ። ድንጋዩን ልቀሙ ብቻ። መሬቱ ከጉብታው ወደ ዳር በየ10 ሜትሩ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይውረድ፣ ዝናብ ሲመጣ ውኃው መሐል አይተኛም።

ከዚህ በኋላ ውጪው ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥሩ ይለቃችኋል። ከ1958 ሰኔ በኋላ ለሚሠሩ የትልቁ ሊግ ስታዲየሞች ደንቡ በሁለቱ የፋውል መስመሮች ቢያንስ 99 ሜትር፣ በመሐል 122 ሜትር ይላል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን የሰፈራቸው ልጆች ናቸው። ቦስተን ያለው ፌንዌይ ፓርክ በ1912 ተከፈተ። በግራ በኩል መንገድ አለ፣ መንገዱ አይነሳም። ስለዚህ ግራው 94.5 ሜትር ላይ ቀረ። ቅርብ ቢሆንም ግንቡ 11.3 ሜትር ከፍ ስለሚል ኳሱ በቀላሉ አያልፈውም። አሁን አረንጓዴው ጭራቅ ይሉታል፣ ሰው ከሩቅ አገር ሊያየው ይመጣል። ከዚህ የምትወስዱት ሕግ አጥሩ ሲቀርብ ከፍታው ይጨምር የሚል ነው። እኛም በአንድ በኩል የጎረቤት ግቢ 80 ሜትር ላይ ገጠመን። በግንቡ ላይ አሮጌ መረብ በረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨት አቆምን።

ሳን ዲዬጎ ላይ ደግሞ የ1909 የብረታ ብረት መጋዘን ቦታው ላይ ቆሞ ነበር። ማፍረስ ሲቻል አላፈረሱትም። በ2004 ስታዲየሙ ሲከፈት የሕንፃው ማዕዘን ቢጫ ተቀብቶ የግራ ፋውል ምሰሶ ሆነ። ባልቲሞር ላይ በ1992 የተከፈተው ካምደን ያርድስ ከቀኝ ውጪ ሜዳ ኋላ 340 ሜትር ያህል የሚረዝም የባቡር መጋዘን አቅፎ ተቀምጧል። ሂውስተን ላይማ የ1911 የባቡር ጣቢያው መግቢያ ሆነ። ግራ ግንቡ ላይ ሐዲድ አለ፤ የባለሜዳው ቡድን ሆም ረን ሲመታ፣ ማለትም ኳሱን ከአጥር ሲያሻግር፣ ባቡሩ ይንቀሳቀሳል።

ይህን ሳነብ ድሬን ነው ያሰብኩት። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ሽመንደፈር ያሳደጋት ከተማ ናት። የድሮ መጋዘን፣ ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ከዚራ ውስጥ ጥላ የሚጥል ትልልቅ ዛፍ አለን። ሜዳ ስትቀይሱ አሮጌ ግንብ ካገኛችሁ እንቅፋት ነው አትበሉ። መስመራችሁን እሱ ላይ አሳርፉት።

የኳሱ ነገርም አለ። ኩርስ ፊልድ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ሩቅ ይበራል። ስለዚህ አጥሩን ወደ ኋላ ወሰዱት፣ መሐሉ 126.5 ሜትር ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዴንቨር በቀር ከሁሉም የትልቁ ሊግ ከተሞች ከፍ ትላለች። ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ዴንቨርንም ትበልጣለች። ስለዚህ ቦታ ካላችሁ አጥሩን ከደንቡ ጥቂት ሜትር አርቁት፤ ሐረር ከሆነ ከዚያም በላይ። የዴንቨር ሰዎች ደረቁ አየር ኳሱን እያደረቀ እንደሚያጠነክረው አይተው ከ2002 ጀምሮ ኳሱን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ያስቀምጣሉ። እኛ ክዳን ባለው ባልዲ፣ ጥላ ውስጥ እናስቀምጣለን። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አታስቀምጡት።

ከመሐል ውጪ ሜዳ ኋላ ያለው ነገር ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ይሁን። ኳሱ ነጭ ነው፤ ነጭ ግንብ ላይ ይጠፋል። ሂውስተን ላይ በ1965 የመጀመሪያው ጣሪያ ያለው ስታዲየም ሲከፈት ተጫዋቾቹ በብርሃን አስተላላፊው ጣሪያ ምክንያት ኳሱን ማየት አቃታቸው። ጣሪያውን ቀቡት፣ ብርሃን አጥቶ ሣሩ ሞተ፣ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ አነጠፉ። የእኛ መሐል ሜዳ ፊት ለፊት አንዲት እናት በኖራ የተቀባ ግንብ አላቸው። ሄጄ "እማማ፣ ግንብዎ ላይ ለሁለት ሰዓት ብቻ አረንጓዴ ሸራ ላንጠልጥል?" አልኳቸው። "ልጆቹ እንዳይመታቸው ከሆነ አንጠልጥይ፣ ልጄ። ሲጨርሱ ግን አንሺው፣ ልብሴን የማሰጣው እዚያ ነው" አሉኝ። በዚህ ተስማማን።

ተመልካች ከሆም ኋላ 18 ሜትር ይራቅ፣ ፊቱ መረብ ይኑር። መረቡን አትዝለሉት። በትልቁ ሊግ ከ2018 ጀምሮ 30ዎቹም ቡድኖች መረቡን ቢያንስ እስከ ተጠባባቂዎች መቀመጫ መጨረሻ አድርሰዋል፣ ሰው ተጎድቶ ስለነበር። ወንበር ወይም የድንጋይ ደረጃ ስትደረድሩ ሁሉም ወደ ወርዋሪው ይዙር፤ ከፋውል መስመሩ ጋር ብቻ ትይዩ ካደረጋችሁት ሰው አንገቱን ጠምዝዞ ይውላል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ለአሜሪካኖቹ ፉትቦልም ለቤዝቦልም ብለው አሜሪካ ውስጥ የሠሯቸው ክብ ስታዲየሞች አንዱ ድክመታቸው ይህ ነበር። አብዛኞቹ አሁን ፈርሰዋል። የከፍታውን ልክ በሲባጎ ፈትኑት። አንዱን ጫፍ ሆም ፕሌት ላይ እሰሩ፣ ሌላውን የተቀመጠ ሰው ዓይን ላይ ያዙ። ሲባጎው ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው ዓይን 12 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ካለፈ ደረጃው ይበቃል። ካነሰ ኋላውን ከፍ አድርጉት።

ጨዋታው ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ሜዳው ላይ ልጅ አታቁሙ።

በመጨረሻ ሁለቱን ፌሮዎች አትርሷቸው። ከሆም ጫፍና ከሁለተኛ ቤዝ ሥር መሬት ውስጥ 10 ሴንቲሜትር ጠልቀው እስኪቀበሩ ድረስ በመዶሻ ምቷቸው። አጠገባቸው ካለ ቋሚ ነገር፣ ለምሳሌ ከመብራት እንጨት ወይም ከግንብ ማዕዘን፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ርቀት ለክታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ክረምት መጥቶ ኖራውን ያጥበዋል፣ ከብት ችካሉን ይነቅለዋል። መስከረም ላይ ደብተሩን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሁለቱን ፌሮ ቆፍሩ። የቀረው ሁለት ቅስት ብቻ ነው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።